በምን አወቅሽ?

እብሬ ሙሄ የዘር ጤፍ መስረቁ ለዋርካው ሰፈር ሰው ሁሉ የታወቀው ሐሙስ ጠዋት ነው። ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ጆሮ አጥፎ ሲላጭ ታወቀው፤ ደንበኛውም ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ታወቀው። ሁለቱ በመስታወቱ ተያዩ፣ ምላጩ ሥራውን ቀጠለ። የወፍጮ ቤቷ ባለቤት፣ የመስጊዱ ዘበኛ ጋሽ ሰይድ፣ ጥርሱን ታሞ የተኛ አንድ መምህር፣ ሁሉም በየነበሩበት እኩል ታወቃቸው። የእብሬ ሚስት ጦይባ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። እሷም ታወቃት። ቢላዋውን አስቀመጠች፣ እጇን ታጠበች፣ ከዚያ ሌላ የሚደረግ ነገር ስላጣች ተመልሳ ሽንኩርቱን ከትፋ ጨረሰች።

ነጋሪ ከገባ ወዲህ ነገር የሚታወቀው እንዲህ ነው። ድምፅ የለውም፣ ጽሑፍም የለውም። ትናንት ምሳ ምን እንደበላህ የምታውቀውን ያህል አድርገህ ታውቀዋለህ፤ ልዩነቱ፣ የትናንቱን ምሳ በልተኸዋል። ሕፃን በተወለደ በወሩ ጭንቅላቱ ውስጥ ነጋሪ ይገባለታል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ የሚያነሳ የለም። ሰው ለምዶታል። ደግሞ ለምን አይለምደው? ነጋሪ ተሳስቶ አያውቅም።

ገበያ ላይ እህል ዘግኖ፣ እፍ ብሎ፣ በጥርስ ነክሶ መግዛት ቀርቷል። ቅቤ የሚያሸት ቢገኝ ሻጭዋ እንደተሰደበች ቆጥራ ዕቃዋን ትከድናለች። ሐኪም በሽተኛ አይነካም። አስተማሪ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ልጆቹ መልሱን ይጽፋሉ፣ መካከል ላይ የነበረው ስሌት ወዴት እንደሄደ የጠየቀ የለም። የእድሩ ድንኳን ሰው ሳይሞት ነው የሚተከለው። ያለፈው ክረምት አቶ ይመር አልጋቸው ላይ እንዳሉ ካስማ ሲመታ ሰምተው «ኧረ ቀስ በሉ፣ አለሁ እኮ!» ብለው ነበር። በማግሥቱ ሞቱ። ንፍሮው ቀድሞ ስለበሰለ ለለቀስተኛው ቀዝቅዞ ቀረበ፤ ቅር ያለው ሰው ግን አልነበረም።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ አዲስ ነውር ተወለደ፤ «በምን አወቅህ?» ብሎ መጠየቅ። የሰው እናት ከመስደብ አይተናነስም። ልጅ ከጠየቀ በርበሬ ይታጠናል። ትልቅ ሰው ከጠየቀ ደግሞ በዙሪያው ያሉት አንገታቸውን ደፍተው ሌላ ወሬ ያነሳሉ፤ ሱሪው የወለቀበት ሰው ፊት እንደሚደረገው።

ቅዳሜ አውጫጭኝ ነው። የጥንቱ አውጫጭኝ ሌባው እስኪወጣ የአገሩን ሰው ሜዳ ላይ አስቀምጦ፣ እህል ውሃ ከልክሎ፣ ቀናት ይፈጅ ነበር ይባላል። ወደ ዛሬው ግን ድስት ጥዶ የሄደ ሰው ሳያርርበት ይመለሳል። ሰው ዋርካው ስር ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ በተራው ተነሥቶ «ታወቀኝ» ይላል፣ ሁሉም ካለ ጥፋተኛው ወደ ጨው ሜዳ ለግዞት ይላካል። ከጥንቱ ሕግ ሳትሻር የቀረችው አንዲት አንቀጽ ብቻ ናት፤ አንድ ሰው እንኳ አላወቅሁም ካለ ጉባኤው አይበተንም። ያልተሻረችውም የሚጠቀምባት ስለጠፋ ነው። የበልግ ዝናብ እንዲህ በሚቀርበት ዘመን የጋራ ዘር መስረቅ አራት ዓመት ያስልካል። እንግዲህ ጦይባ ቅዳሜ ዋርካው ስር ቆማ አንዲት ቃል ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ቤቷ ውስጥ ባል የለም።

እብሬ እንደ ወትሮው ለምሳ መጣ። የዘር ቤቱ ጠባቂ ነው፤ ሰዓት አያዛንፍም። እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ግራኝ ነው፤ እናቱ በልጅነቱ ግራ እጁን እያሰሩ ስላሳደጉት ለመብል ብቻ ቀኙን ይጠቀማል። ጎረሰ። ጦይባ ፊቱን አየችው፣ ሁለተኛም ሲጎርስ አየችው።

«እብሬ።»

«አቤት።»

«ምንም አትለኝም?»

«ምን ልበልሽ? ታወቀኝ።»

ጦይባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ሰርቀሃል ወይ?»

«ታወቀኝ አልኩሽ እኮ።»

«እሱማ እኔንም ታወቀኝ። ፀጉር አስተካካዩንም ታወቀው። እኔ አንተን የምጠይቅህ ሰርቀሃል ወይ ብዬ ነው።»

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም! የሰረቀ ሰው የሚያውቀውና ፀጉር አስተካካይ የሚያውቀው እንዴት ተደርጎ ነው አንድ የሚሆነው?»

እብሬ ትንሽ አሰበ። «ጦይ፣ ወጡ ጨው በዝቶበታል» አለ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጦይባን የያዛት ጥርጣሬ እንቅልፍ ነሳት። አንዱ እብሬ ሰርቆ ሊሆን ይችላል፣ አሁን ደግሞ ሁሉም በሚለው ቃል ተከልሎ ተቀምጧል። ሌላው እብሬ ምንም አላደረገም፣ ነገር ግን እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ስለ ራሱ የተነገረውን አምኖ ጨው ሜዳ ሊወርድ ነው። ሁለቱ እብሬዎች የሚናገሩት አንድ ቃል ነው፣ የሚጎርሱትም አንድ ዓይነት ነው። አብራ የኖረችው ከየትኛው ጋር እንደሆነ መለየት አለመቻሏ አስቆጣት፤ ከቁጣውም በላይ አሳፈራት።

የባሰው ግን የገዛ ጭንቅላቷ ነው። የእብሬ ሌብነት እዚያ ተቀምጧል፤ ያየችው ያህል ጥርት ብሎ። ከየት እንደመጣ ልትከተለው ስትሞክር ከኋላው ምንም የለም። ማን አየ፣ መቼ፣ ምን ተገኘ፣ ባዶ ነው። ነጋሪን ልትፈትነው ተነሣች። ስኳር ማለቁ ታወቃት፤ ቆርቆሮውን ከፍታ አየች፣ አልቋል። የጎረቤት ፍየል ጓሮዋ መግባቷ ታወቃት፤ ወጥታ አየች፣ ገብታለች። ዝናብ እንደማይመጣ ታወቃት፤ ደጅ ቆማ ጠበቀች፣ አልመጣም። ትክክል በሆነ ቁጥር ይበልጥ ጠረጠረችው። በዕድሜዋ ሙሉ አንዴም የማይዋሽ ሰው አጋጥሟት አያውቅማ።

ዓርብ እትዬ ላቀች መጡ። በግድግዳ የሚዋሰኑ ጎረቤት ናቸው። አምና ልጃቸው ደጀን ወደ ጨው ሜዳ ተልኳል፤ እሳቸውም እንደማንኛውም ሰው ዋርካው ስር ተነሥተው ቃሉን ብለዋል። የመጡት ሊያጽናኑ ነው፤ ጥሩ ሴት ናቸው።

«ነገ ሳታመነቺ ቶሎ በይው» አሏት። «ቀዝቃዛ ውሃ እንደመግባት ነው፣ የሚገለው ማመንታቱ ነው። እኔ ለገዛ ልጄ ብዬዋለሁ።»

«እትዬ፣ ደጀን ግን ምን አድርጎ ነበር?»

«ሰው ወግቶ ነዋ።»

«ማንን?»

«ሰው» አሉ እትዬ ላቀች በመጨረሻ። «ሰው መውጋቱ ነው የታወቀኝ።»

«የተወጋውን ሰው አይተውታል?»

«አንቺ ልጅ!» እትዬ ላቀች ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። «በባልሽ የደረሰውን በእኔ ላይ አትወጪው። ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?»

በሩ ድረስ ሄደው እጀታውን እንደያዙ ቆሙ። ጦይባ የሚዞሩ መስሏት ጠበቀች። ከፍተው ወጡ።

ቅዳሜ ሰው ዋርካው ስር ተሰበሰበ። ወደ ጨው ሜዳ የምትወስደው መኪና ቀድማ መጥታ መንገዱ ዳር ቆማለች፤ ሹፌር የላትም። እብሬ አንዲት ሻንጣ ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሰብሳቢው አቶ ፈንታው ክፉ ሰው አይደሉም። አውጫጭኝ ሲኖር አውጫጭኝ ይመራሉ፣ ሌላውን ጊዜ ንብ ያረባሉ። ያን ቀን ማር ሊቆርጡ ቀጠሮ ነበራቸውና እየቸኮሉ «በሉ፣ ከዚህ ወገን እንጀምር» አሉ።

ፀጉር አስተካካዩ ተነሥቶ «ታወቀኝ» ብሎ ተቀመጠ። የወፍጮ ቤቷ ባለቤት አለች። ጥርሱን የታመመው መምህር ጉንጩን ይዞ አለ። ጋሽ ሰይድ አሉ። እትዬ ላቀች ከጦይባ ጎን ነበሩ፤ ተነሥተው ቃሉን አሉና ሳያዩዋት ተቀመጡ። የጦይባ ተራ ደረሰ።

«አላወቅሁም» አለች።

መጀመሪያ የሳቀ ሰው ነበር፤ የተሳሳተች መስሎት ነው። አቶ ፈንታው ጆሯቸውን ወደ እሷ አዘነበሉ። «አልታወቀሽም? ነጋሪሽ ታሟል እንዴ?»

«ነጋሪዬ ደህና ነው። እብሬ ሰረቀ የሚለው ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ አለ። በየት በኩል እንደገባ ግን አላውቅም። ቤቴ የገባ ሁሉ ቤተሰቤ አይደለም።»

«ወይዘሮ ጦይባ፣ ሐዘንሽ ይገባኛል» አሉ አቶ ፈንታው። «ነገር ግን ነጋሪ ተሳስቶ ያውቃል?»

«አያውቅም ይባላል።»

«አያውቅም! እንግዲያው ምን ቀረ?»

«እሱንስ በምን አወቅን?»

ነውሩ ቃል ሜዳው መካከል ወደቀ። እናቶች የልጆቻቸውን ጆሮ ሸፈኑ። ጦይባ ፊቷ ቢግልም አላቆመችም። «ነጋሪ እንደማይሳሳት ማን ነገረን? ይንገሩኝ፣ እርስዎን ማን ነገረዎት?»

«እሱማ…» አሉ አቶ ፈንታው፣ «እሱማ ታወቀ—» ብለው አቋረጡ። ምን ሊሉ እንደነበር ራሳቸውም የሰሙት ያኔ ነው።

ጋሽ ሰይድ ከተቀመጡበት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አያቴ ስለ ሌባ ሻይ ሲያወሩ እሰማ ነበር» አሉ። «በጥንት ጊዜ ነው። መድኃኒት አጠጥተው የሚለቁት ልጅ እየሮጠ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። እሱም ተሳስቶ አያውቅም ነበር አሉ። ምን ይሳሳታል? እሱ ሌባ ያለው ሁሉ ሌባ ነበረ!»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ሞተ።

አቶ ፈንታው ላባቸውን ጠረጉና ሌላ መንገድ አገኙ። «አቶ ይመርስ? ድንኳኑ ተተከለ፣ በማግሥቱ ሞቱ። ይህን እንኳ በዓይናችን አይተናል፣ በእጃችን አፈር መልሰናል። ነጋሪ ትክክል ነበር።»

«እውነት ነው» አለች ጦይባ። «እሳቸውን አይተናል። ስላየንም አልከራከርዎትም። እንግዲያው ይሄንንም እንየው። ከሐሙስ ወዲህ ዘር ቤቱ ድረስ ሄዶ ያየ ሰው አለ?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከእብሬ በቀር እዚያ የረገጠ አልነበረም። ምን ሊያደርግ ይሄዳል?

«ጉባኤው አይበተንም» አሉ አቶ ፈንታው። «ሕግ ነው።»

«አይበተንም ነው እንጂ አይሄድም አይልም» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ተነሥተው አቧራቸውን እያራገፉ። «አብረን ከሄድን መች ተበተንን?»

ሰፈሩ ሁሉ ተያይዞ ወደ ዘር ቤቱ ወጣ። እብሬ ከፊት ነበር፤ ቁልፉ በእሱ እጅ ነው። ጦይባ ከኋላው እየተራመደች ጀርባውን ታያለች። ትከሻው ላይ የንጹሕ ሰው ዝግታ ፈለገችበት፣ የሌባም ጭንቀት ፈለገችበት። ሁለቱንም ያገኘች መሰላት። «ያ ረቢ፣ ምንም አይገኝ» አለች በልቧ፤ ወዲያው ደግሞ እንዲህ ብላ መለመኗ ራሱ አስደነገጣት።

ቤቱ ውስጥ ብርድ ነው። ከረጢቶቹ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ሰው ገባና ቆመ። ማየት በምን በኩል እንደሚጀመር የሚያውቅ አልነበረም፤ ብዙዎቹ እስኪታወቃቸው ይጠብቁ ነበር። በመጨረሻ ጋሽ ሰይድ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከግድግዳው ወገን ያለውን አንድ ከረጢት ፈቱ። ጤፍ ነው፣ ነጭ ማኛ። ሌላ ፈቱ፣ እሱም ጤፍ። ሦስተኛው ላይ ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ከተቱ። ያወጡት ጭብጥ አሸዋ ነበር። ከጎኑ ያለውም ከላይ ጤፍ፣ ከታች አሸዋ ሆነ።

«ይኸው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ እፎይ ባለ ድምፅ። «ነጋሪ አልተሳሳተም!»

ሰው ሁሉ «ይኸው!» ተባባለ። ወደ ዋርካው ለመመለስ የዞረም ነበር።

«ቆይ እንጂ» አለች ጦይባ። «መሰረቁን አየን። ማን እንደሰረቀ አየን እንዴ? ይሄ ቤት ጣሪያው በቆርቆሮ ነው፣ መስኮቱ ይኸውላችሁ። አሸዋ የመላው ሰፈር ደጅ ላይ አለ። አይጥ በበላ ዳዋ ይመታል?»

የሄዱት ቆሙ። መምህሩ ጥርሱን ረስቶ ወደ መስኮቱ ቀና አለ። «እውነቷን ነው፣ ሰው ያስገባል» አለ። የወፍጮ ቤቷ ባለቤት ወለሉን ጎንበስ ብላ ማየት ጀመረች። አቶ ፈንታው እንኳ ቆብ አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። ነገሩ ሊፈርስ ነበር፤ አንድ እርምጃ ቀርቶት ነበር።

ያኔ ነው የከረጢቱን አፍ ያየችው።

የሌሎቹ ከረጢቶች አፍ በስፌት መኪና የተሰፋ ነው፤ ቀጥ ያለ። አሸዋ የተገኘባቸው ሁለቱ ግን ተፈተው እንደገና በእጅ ተሰፍተዋል፣ በወስፌና በሲባጎ። ጋሽ ሰይድ ሲፈቱት ግማሹ ሳይነካ ቀርቷል። ስፌቱ ጥብቅ፣ ጥንቃቄ ያለው፣ ሰው ሁሉ ከሚሰፋበት በተቃራኒ ያዘነበለ ነው። እንዲህ ያለው ስፌት ላይ ጦይባ በየቀኑ ትተኛለች። የፍራሿ ጠርዝ እንዲህ ነው የተሰፋው። የጆንያዋ አፍ፣ የሻንጣው እጀታ፣ የተቀደደው የዝናብ ልብሷ፣ ሁሉም ወደዚያው ነው የሚያዘነብሉት።

ቀና ስትል እብሬ እያያት ነበር። ከረጢቱን አላየም፣ ሰዉን አላየም፤ እሷን ብቻ። ማየቷን አየ።

ሌላ የተረዳ አልነበረም። ከዚያ ሁሉ ሰው ስፌት ማንበብ የሚችል የለም። ዝም ብትል ጉዳዩ ያልታወቀ ተብሎ ይቀራል፣ እብሬም ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤት ይገባል። ለራት ሽሮ ትሠራለታለች። ዝም አይነቅዝም። ዝም ለማለትም ሞከረች፤ ከንፈሯን እስኪያማት ነከሰች። ነገር ግን ሰፈሩን ሁሉ እንየው ብላ ጎትታ ያመጣችው እሷ ናት። በማያይ ሰው ላይ ስትጮህ ቆይታ፣ ሲታያት ዓይኗን ብትጨፍን ከማን ትሻላለች? ደግሞም በዚያች ደቂቃ ጠላችው። ከሐሙስ ጀምሮ በፊቷ ሲጎርስ የነበረውን ሰው አጥብቃ ጠላችው።

«ስፌቱ የእሱ ነው» አለች።

አቶ ፈንታው ወደ እሷ ዞሩ። ጆሯቸው እስኪቀላ አፈሩ፤ ግን ጠየቁ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በምን… በምን አወቅሽ?»

«ግራኝ ነው። ግራኝ ሲሰፋ ክሩ ወደዚህ ነው የሚያዘነብለው፣ እዩት። የሌላው ሰው ወደዚያ ነው። ቋጠሮውን ደግሞ ውስጥ ነው የሚደብቀው፣ እንዳይጎረብጠኝ ብሎ የለመደው ነው። ከተጋባን ጀምሮ ቤታችን የተቀደደውን ሁሉ የሚሰፋው እሱ ነው። ካላመናችሁ ፍራሼን አምጡና ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት።»

ሰዎቹ ተጠጉ። ጎንበስ ብለው አዩ። አንዱ በጣቱ ዳሰሰው። ማንም «ታወቀኝ» አላለም።

«እኔ ነኝ» አለ እብሬ።

ድምፁ ሌላ ነበር። ጦይባ ከሐሙስ ጀምሮ ስትጠብቀው የነበረው ድምፅ ነው።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት። ለእህቴ ነው፤ በልጉ ቀርቶባቸው ዘራቸውን በልተውታል። ልጆቿን አየኋቸው። ለመኸር ከዘሩ በኋላ ከምርቱ እመልሳለሁ ብዬ ነበር። አሸዋውን የጨመርኩት በሌሊት ብቻዬን ነው።»

«አሁን ነው የምትነግረኝ?» ጦይባ ጮኸች። «ምሳ አቅርቤልህ፣ ዓይን ዓይንህን እያየሁ ስጠይቅህ?»

«ሰርቀሃል ወይ አልሽኝ እንጂ ለምን አላልሽኝም። ለምን ያለኝ ማንም የለም። ታወቀኝ ማለት ቀለለኝ፣ ጦይ። አንድ ቃል ናት፣ ምንም አትጠይቅም።»

በጥፊ ልትመታው እጇን አነሣች፤ የተነሣው እጅ የራሷን አፍ ያዘ። ቆማ አለቀሰች። ሰዎቹ ወደ ግድግዳው ዞረውላት እስክትጨርስ ጠበቁ።

ወደ ዋርካው ተመለሱ። ሁሉም በየቦታቸው ተቀመጡ፣ አቶ ፈንታው ቆሙ። «ወይዘሮ ጦይባ፣ ያልሽው ይደረጋል ብለን ሄደናል። አሁንስ?»

ጦይባ ተነሣች። ቃሉ ከሌሎቹ አፍ ያለ ምንም ጭንቅ ሲወጣ አይታለች። ለእሷ ግን ከበዳት፣ ምክንያቱም አሁን የራሷ ነበር፤ በዓይኗ አይታው፣ በአፏ መስክራ፣ በገዛ እጇ ባሏን አሳልፋ የሰጠችበት።

«አወቅሁ» አለች።

«እንግዲህ ጉባኤው አብቅቷል» አሉ አቶ ፈንታው፣ ድካም በተሞላ ድምፅ። ሰው አቧራውን እያራገፈ ተነሣ። የመኪናዋ በር በራሱ ተከፈተ። እብሬ ሻንጣውን አነሣ።

እትዬ ላቀች አልተነሡም።

«እትዬ፣ አልቋል፣ ይነሡ እንጂ» አለ ፀጉር አስተካካዩ እጁን ዘርግቶላቸው።

«አላለቀም» አሉ። እጁን አልያዙትም። «የእብሬን ሚስቱ ሄዳ አየችለት። ሰርቆም ቢሆን አየችለት። የእኔን ልጅ ማን አየለት?»

«እትዬ ላቀች፣ እሱ የአምና ጉዳይ ነው» አሉ አቶ ፈንታው።

«ማንን ነው የወጋው? ከእናንተ መካከል ቁስሉን ያየ ሰው ይነሣና ይንገረኝ። የተቀበረ ከሆነ መቃብሩን አሳዩኝ።» ማንም አልተነሣም። እትዬ ላቀች መሬት መሬቱን እያዩ ቀጠሉ፤ ድምፃቸው እየወረደ ሄደ። «ጠዋት ጠዋት ስነቃ ልጄ ደህና መሆኑ ይታወቀኛል። በየጠዋቱ፣ ሳያዛንፍ። ደስ ብሎኝ ተነሥቼ ሥራዬን እሠራለሁ። ደብዳቤ አልጠበቅሁም፣ ድምፁን ልስማ አላልኩም፤ ምን ያደርግልኛል፣ ደህና ነዋ። እሱንስ… እሱንስ በምን ነው የማውቀው?»

የተነሣው ሰው ሁሉ ባለበት ቆመ።

ጦይባ ወደ መኪናዋ ዞረች። እብሬ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጓል። የሄደችበት መንገድ ሁሉ የት እንዳደረሳት ያኔ ገባት።

«ጨው ሜዳን በዓይኑ ያየ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች።

መምህሩ ወደ ፀጉር አስተካካዩ አየ። ፀጉር አስተካካዩ ወደ ጋሽ ሰይድ አየ። ጋሽ ሰይድ ለአራት ዓመት ወደዚያ የተላከው ወንድማቸው ጊዜው ማለፉን በጣታቸው እየቆጠሩ ነበር።

«ከዚያ የተመለሰስ ያገኘ?»

አቶ ፈንታው ቆባቸውን አውልቀው ድንጋያቸው ላይ ቁጭ አሉ። ሌላውም ሰው አንድ በአንድ ተመልሶ ተቀመጠ። ጦይባ ሄዳ እብሬን በግራ እጁ ያዘችው፤ ከደረጃው አወረደችውና በእሷና በእትዬ ላቀች መካከል አስቀመጠችው። አላናገረችውም፣ እጁንም አልለቀቀችም። መኪናዋ በሯን ከፍታ መንገዱ ዳር ቆማ ነበር።